ይቅር ብል ገንዘቤን ተውኩ ማለት ነው?

ሰሞኑን በስልክ መስመራችን ከገቡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ቂምና ይቅርታ ነበሩ። አየር ላይ ሰዓት አጥሮን በችኮላ የመለስኳቸውን እዚህ ትንሽ ሰፋ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ቤይሩት ብዙ ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። ቤት እንዲሠራልኝ ለታላቅ ወንድሜ ገንዘብ እልክ ነበር። ስመለስ ቤቱ በእሱና በሚስቱ ስም ሆኖ ጠበቀኝ። እናቴ «ሳልሞት ታረቂልኝ፤ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው» ትለኛለች። ሽማግሌዎችም መጥተው «ወንድምሽ ነው፣ ተይለት» አሉኝ። ይቅር ካልኩ ገንዘቤን ተውኩ ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ እህቴ። ሽማግሌዎቹ ሦስት ነገር ጠቅልለው ነው ያቀረቡልሽ፤ ይቅርታን፣ እርቅንና ገንዘብን። ለየብቻ እንያቸው።

ይቅርታው ያንቺ ነው። ወንድምሽ ባይሰማም፣ ባይጠይቅሽም ልታደርጊው ትችያለሽ። እርቅ ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል። እሱ «አጥፍቻለሁ» ሳይል የሚደረገው ነገር አብሮ ቡና መጠጣት ነው እንጂ እርቅ አይባልም። ገንዘቡ ደግሞ የሒሳብ ጉዳይ ነው።

ስንነጋገር አንድ ነገር ነግረሽኛል። ማታ ማታ ተኝተሽ ከእሱ ጋር ትሟገቻለሽ። አንቺ ትናገሪያለሽ፣ እሱ አንገቱን ይደፋል፣ አንዳንዴም ያለቅሳል። ሲነጋ ግን ምንም የተለወጠ ነገር የለም። እሱ እንቅልፉን ለጥጦ አድሯል፤ የደከምሽው አንቺ ነሽ። በ2001 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በ71 ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት ይህንኑ ለክቶታል። ተማሪዎቹ የበደላቸውን ሰው እያሰቡ ቂማቸውን ሲያብሰለስሉ የልብ ምታቸውና የደም ግፊታቸው ይጨምር ነበር። ይቅር ማለትን ሲያስቡ ደግሞ ጭንቀቱ ይቀንስላቸው ነበር።

እንግዲህ ይቅር በይ ስልሽ ያንን የሌሊቱን ክርክር ዝጊው ማለቴ ነው። «መጥቶ እግሬ ላይ ካልወደቀ አላርፍም» የሚለውን ተስፋ ተዪው። ምናልባት መቼም አይመጣም። ዕረፍትሽን እሱ እጅ ላይ አታስቀምጪው።

የቀኑ ክርክር ግን ይቀጥላል። የሐዋላ ደረሰኞቹን በብስኩት ቆርቆሮ እንዳስቀመጥሽ ነግረሽኛል። አውጪና በቀን ቅደም ተከተል ደርድሪያቸው፤ ከዚያ ጠበቃ አማክሪ። ገንዘቡ እንደ ብድር ከታየ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በሰው ምስክር ብቻ አይረጋገጥም፤ ጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት ፊት የተሰጠ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ይፈልጋል። ከውል የሚመነጭ ጥያቄም በመርህ ደረጃ በ10 ዓመት ይርጋ ይታገዳል። «እስኪ ልታገሥ» እያልሽ ጊዜው እንዳያልፍብሽ።

ስለ ሽማግሌዎቹ አንድ ነገር ልበል። ወጉን የሚያውቅ ሽማግሌ መጀመሪያ በዳዩን ያሳምናል። ቀጥሎ ካሣ ይቆርጣል፣ ዋስ ያስጠራል። «ይቅር ለእግዚአብሔር» የሚባለው መጨረሻ ላይ ነው። ነፍስ ሲጠፋ ደም ለማድረቅ በሚደረገው የኦሮሞ የጉማ ሥርዓትም ካሣው ሳይቆረጥ እርቅ አይወርድም። የዛሬዎቹ ብዙዎቹ ግን ከመጨረሻው ይጀምራሉ፤ የተበዳይን እጅ መጠምዘዝ ይቀላቸዋላ! እንደገና ከመጡ «እሱን ያዙና ኑ» በያቸው። ለእናትሽም ረጋ ብለሽ አስረጂያቸው። ምሳሌው ቂም አትያዢ ነው የሚለው፤ የላብሽን ዋጋ አትጠይቂ አይልም።

ጥያቄ፦ መርካቶ አብሮኝ ይነግድ የነበረ ሸሪኬ ዋናውን ገንዘብ በልቶብኝ ተለያየን። ኢድ ላይ አፉ ተባብለን ተቃቀፍን። ከልቤ ነበር። ግን አሁንም መንገድ ላይ ሳየው ልቤ ይመታል። ይቅርታዬ ውሸት ነበር?

መልስ፦ አይ ወንድሜ፣ ውሸት አልነበረም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለ? ይቅርታን የሚያጠኑ ሰዎች የውሳኔ ይቅርታና የስሜት ይቅርታ ብለው ይለያሉ። «አልበቀለውም፣ ክፉ አላስብበትም» ብለህ ወስነሃል። ስሜቱ ግን ከኋላ እያዘገመ ነው የሚመጣው። ይህን ልዩነት ካስተማሩት አንዱ ኤቨረት ወርዚንግተን የተባለ አሜሪካዊ ነው። ስለ ይቅርታ እያጠና ሳለ፣ በ1996 እ.ኤ.አ. መባቻ ላይ እናቱን ቤት ሰብሮ የገባ ሌባ ገደለበት። እሱም ቢሆን መጀመሪያ የመጣበት ቁጣ ነበር።

ልብህ ሲመታ «አዎ፣ ጎድቶኝ ነበር፤ ግን ወስኛለሁ» በልና መንገድህን ቀጥል። ታሪኩን ለማን እንደምትተርክም አስተውል። ጫት ላይም ሻይ ላይም ደጋግመህ ካወራኸው ቁስሉን እያከክኸው ነው። ደግሞ ይቅር አልኩ ብለህ ሽርክናውን መመለስ የለብህም። ሰላም በለው፤ ካዝናህን ግን አትስጠው።

ጥያቄ፦ አባቴ በልጅነቴ ጥሎን ሄዶ ነበር። አሁን ሞቷል። የሞተን ሰው እንዴት ይቅር ይባላል?

መልስ፦ ያለ እሱ መልስ ነዋ፤ ከባዱም እዚህ ላይ ነው። ደብዳቤ ይጻፉለት፤ «ይቅር ብዬሃለሁ» ብለው ግን አይጀምሩ። መጀመሪያ ያጎደለብዎትን አንድ በአንድ ይዘርዝሩ። የወላጆች ቀን ሲጠራ ቀና ብለው ያጡትን ፊት፣ እናትዎ ለቤት ኪራይ ደጅ የጠኑበትን ወር። ሳይቆጠር የሚተው ዕዳ ተመልሶ ይመጣል። አንድ ቀን ቁጭ ብለው የሚጨርሱት ሥራ አይደለም። ሲያለቅሱም ይጻፉ። ዘመድ «ሙት አይወቀስም» ካለዎት ደብዳቤውን አያሳዩት።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ይመታኛል፤ ጠዋት ተንበርክኮ ይቅርታ ይጠይቀኛል። እስከ መቼ ይቅር ልበል?

መልስ፦ እህቴ፣ ያንቺ ጥያቄ የይቅርታ ጥያቄ አይደለም። ዱላው አሁንም አልቆመም። መጀመሪያ ከዱላው ውጪ። ትዳር ውስጥ መደብደብ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 ተጠቅሷል፤ የቤት ጣጣ ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ዛሬውኑ ለምታምኚው አንድ ሰው ንገሪ፣ የምትጠጊበት ቤት አዘጋጂ፣ መታወቂያሽንና የልጆቹን ሰነድ እዚያ አስቀምጪ። ጤና ጣቢያ ስትሄጂ «ወድቄ ነው» አትበይ፤ እውነቱን ተናግረሽ ጉዳቱን በጽሑፍ እንዲያሰፍሩልሽ ጠይቂ፣ ከዚያ ለፖሊስ አመልክቺ። ስለ ይቅርታው፣ በሰላም ማደር ከጀመርሽ በኋላ ደውዪልኝና እንነጋገራለን።