ገመዱን እኔ እይዛለሁ

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። የአያቴ ዐርባ እስኪወጣ ድረስ ስለ እርሳቸው በዚህ ማይክሮፎን ፊት ምንም ሳልናገር ቆይቻለሁ። እራት ሊቀርብ ሲል ዙሪያችንን እያዩ «ሁሉም ተሳፍሯል?» ይሉ እንደነበር ከእኔ እኩል ታውቃላችሁ፤ ብዙዎቻችሁም በለቅሶው ሰሞን ይህንኑ ቃላቸውን እየጻፋችሁ አጽናንታችሁኛል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ የምናገረው ግን እስካሁን ስላላነሣሁላችሁ ስለ ጎርጎራው ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል።

አያቴ ከጎንደር ምፅዋ ወርደው «ኢትዮጵያ» በምትባለው መርከብ ላይ በሞተሪስትነት ያገለገሉ ሰው ናቸው። ይህች መርከብ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ «ኦርካ» ተብላ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የባሕር አውሮፕላኖችን ታገለግል የነበረች፣ 95 ሜትር ያህል ርዝመት ያላት ስትሆን፣ በ1954 ዓ.ም. ወደ እኛ መጥታ የባሕር ኃይላችን ትልቋ መርከብና የዕጩ መኮንኖች ማሠልጠኛ ሆነች። አያቴ ለጥያቄ ሁሉ በአጭሩ የሚመልሱ ሰው ነበሩ፤ ስለ ሞተር ክፍሏ ሙቀት ሲያወሩ ግን ጎንደር ላይ በነሐሴ ብርድ፣ ጋቢ ደርበው፣ ሸሚዛቸውን ከደረታቸው ያላቅቁ ነበር።

ባለፈው ዓመት ከጥምቀት በኋላ ከአጎቴ ልጆች ጋር ሆነን ጣና ዳር ጎርጎራ ወሰድናቸው። ጀልባ ተከራየን። አያቴ መጀመሪያ ያዩት ጀልባውን ሳይሆን የታሰረበትን ገመድ ነው። የጀልባው ልጅ ደራርቦ፣ ጠምጥሞ፣ አወሳስቦ አስሮታል። ጎንበስ ብለው በእነዚያ በናፍጣ በጠቆሩ ጣቶቻቸው ቀስ እያሉ ፈቱት፤ ሁለት ጊዜ አዞሩት፣ ጫፉን ከሥር አሳለፉት፣ ሳብ አድርገው በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። «ሲወጠር ይይዛል፤ ስትፈልገው በአንድ እጅህ ትፈታዋለህ» አሉት። ልጁ ሞተሩን ሲያስነሣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ካዳመጡ በኋላ አንደኛው ኖዝል ነዳጁን በደንብ እንደማይረጭ ነገሩት፤ እምቦጭ ባለበት በኩል እንዳይሄድም፣ ፕሮፔለሩን እንደሚጠመጥምበት አስጠነቀቁት።

ከዚያ ሁላችንም ገባን። ልጁ «ይግቡ፣ አባቴ» ብሎ እጁን ዘረጋላቸው። እጁን ያዙት። ደጋግሜ የማየው ይህንን ነው፤ እጁን ይዘው፣ አንድ እግራቸው ከመሬቱ ጫፍ ላይ ሆኖ፣ ጥቂት ቆዩ። ከዚያ እጁን ለቀቁና «እናንተ ሂዱ፤ ገመዱን እኔ እይዛለሁ» አሉ። ጨዋታ መስሎን ሳቅን። እርሳቸው ግን ያሰሩትን ፈትተው፣ ገመዱን በክንዳቸው ላይ ጠቅልለው ቆሙ። ስንመለስም እዚያው ቆመው ነበር። ቡና የምታፈላው ሴትዮ በርጩማ ብታቀርብላቸው እንዳልተቀመጡ ነገረችን። ጀልባው ሲቀርብ ገመዱን ወረወሩ፤ በቀጥታ የልጁ እጅ ውስጥ ገባ።

ውኃ ፈርተው ነው እንዳልል፣ በየዓመቱ በጥምቀት ከቃሃ ወንዝ ውኃ ተጠልፎ ወደሚሞላው የፋሲለደስ መዋኛ ወስደውን፣ ከሚዘሉት ወጣቶች መካከል መዋኘት የማይችለውን ገና ከግንቡ ላይ ሳለ በክንዱ አያያዝ ለይተው «ያንን ልጅ ያዙት» ይሉ የነበሩ ሰው ናቸው። እንዲያውም አንድ ጊዜ ልብሳቸውን እንደ ለበሱ ዘልለው... ይህን ከዚህ በፊት ተናግሬዋለሁ።

ሴት አያቴ፣ እርሳቸው ያልተሳፈሩት ጉልበታቸውን ስላመማቸው ነው ይላሉ። አጎቴ ደግሞ ነገሩን ከ1983 ዓ.ም. ጋር ያያይዘዋል። በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ መርከቦቻችን አሰብን ለቅቀው ሲወጡ «ኢትዮጵያ» ወደ የመን ሄደች፤ በዚያው ቀርታ ከሁለት ዓመት ያህል በኋላ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። አያቴ በዚያ ጊዜ ለሕክምና አዲስ አበባ ነበሩ። ጓደኞቻቸው ተሳፍረው ሲወጡ እርሳቸው አልነበሩም። አጎቴ ይህን ብሎ ዝም ይላል፣ እኔም መልሱን ያገኘሁት ይመስለኛል። ግን ደግሞ በነጋታው እጠራጠራለሁ። ሰው ጉልበቱን ሊያመው ይችላል። እርሳቸው ያላሉትን ነገር እኔ ስለ ናፈቅኋቸው ብቻ በአፋቸው እያስገባሁ እንዳይሆን እፈራለሁ።

ደግሞም እናደዳለሁ። ሠራዊቱ ሲበተን ያን ያህል ዘመን ያገለገሉ ሰው ባዶ እጃቸውን ጎንደር ገብተው፣ ማራኪ በሚባለው ሰፈር አንድ ወፍጮ ቤት ውስጥ ሞተር እየጠገኑ ልጆች አሳደጉ። ሰፈሩ ሁሉ «ባሻ» ይላቸው ነበር፤ ወፍጮው ሲነሣ ግን ድምፁን ሰምተው ምን እንደጎደለው የሚናገሩት ምፅዋ ላይ በተማሩት ጆሮ መሆኑን ስንቱ ያውቅ ነበር? በ2010 ዓ.ም. ባሕር ኃይሉ እንደገና ሊቋቋም ነው የሚለው ዜና ሲነገር ራዲዮኑን ከፍ አድርጉልኝ አሉ፣ እስከ መጨረሻው አዳመጡ፣ ከዚያም ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄዱ። ደስ ብሏቸው ይሁን ከፍቷቸው፣ ፊታቸውን ማንበብ አልቻልኩም።

በለቅሶው ላይ ከድንኳኑ ጥግ የተቀመጡ፣ ከአዘዞ የመጡ አንድ አዛውንት ነበሩ። ከመርከቢቱ ጋር የመን ድረስ ከሄዱት አንዱ እንደሆኑ አጎቴ በኋላ ነገረኝ። ስልካቸውን ተቀብያለሁ፤ እስካሁን አልደወልኩም። ምን ብዬ እንደምጀምር እያሰብኩ ነው። «አያቴ ለምን ሳይሳፈሩ ቀሩ?» ብላቸው፣ እርሳቸውም «መቼ?» ብለው ቢጠይቁኝ፣ የጎርጎራውን ነው የምላቸው ወይስ...