የእምዬ ጣሪያ ላይ ያለው ብር

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የምቀዳው ደብረ ማርቆስ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ከሰማችሁ ይቅርታ።

ባለፈው ሳምንት አያቴን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ቤቷ ከቢቸና ወጣ ብሎ ነው። ሁላችንም እምዬ ነው የምንላት። ማታ ቡናው ካበቃ በኋላ የመቀነቷን ጫፍ ፈታችና አንድ ማርትሬዛ፣ የጥንቱን የብር ገንዘብ፣ አወጣች። እናቷ ለሠርጓ የሰጠቻት ነው። ጠቁሯል። በአውራ ጣቷ አሸት አሸት ስታደርገው መጀመሪያ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ፊት ብቅ አለ፣ ቀጥሎ 1780 የሚለው ቁጥር። ንግሥቲቱ ከሞተች ወዲህ ማርትሬዛ በየትኛውም ዘመን ቢመታ ይህ ቁጥር አይቀየርም። ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ነው። ከዚያ ውስጥ ከ23 ግራም በላዩ ንጹሕ ብር ነው።

ያን ዕለት ቀን ላይ ጣሪያዋ ላይ ያለውን ሶላር ሳጸዳ ነበር። አቧራው ሲነሳለት ከመስታወቱ ስር እንደ ክር የቀጠኑ ነጫጭ መስመሮች ይታያሉ። ፀሐይ የፈጠረችውን ኤሌክትሪክ ለቅመው የሚያወጡት እነሱ ናቸው። የተሠሩትም ከብር ነው። "እምዬ፣ እንዲህ ያለ ብር ጣሪያሽም ላይ አለ" አልኳት። ቀና ብላ አምፖሉን አየችው። "ለዚህ ነዋ የተወደደው" አለች።

እውነቷን ነው። ከብረታ ብረት ሁሉ ኤሌክትሪክን አሳምሮ የሚያሳልፈው ብር ነው። በአንድ ፓነል ላይ የሚውለው ጥቂት ነው፣ ፓነሉ ግን በሚሊዮን ይመረታል። አሁን ሶላር ብቻውን ከዓለም የብር ፍላጎት ከስድስት እጅ አንዱን ገደማ ይወስዳል። በ2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ የብር ዋጋ ከእጥፍ በላይ ዘለለ። የሰው ጌጥ፣ የሰው ቁጠባና የድሃ ቤት መብራት አንድ ማዕድን ላይ ሲሻሙ ማን እንደሚሸነፍ ለመገመት አይከብድም።

እዚህ ላይ ነው መዳብ የሚመጣው። ኤሌክትሪክ በማሳለፍ ከብር የሚያንሰው በመቶ ስድስት ገደማ ብቻ ነው። በመሬት ቅርፊት ውስጥ ያለው መጠን ደግሞ ከብር በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል። ታዲያ እስካሁን ለምን አልተተካም? ሁለት አመል ስላለው ነው። አንደኛ፣ አየር ሲነካው ይበላሻል። ሁለተኛው ይብሳል፤ ፀሐዩን ወደ ኤሌክትሪክ ወደሚቀይረው ሲሊከን ሰርጎ ይገባና ሴሉን ከውስጥ ያደክመዋል። ስለዚህ መሐል ላይ ስስ የኒኬል ሽፋን እንደ አጥር ያስቀምጡለታል። በመዳብ የተሠሩ ሴሎች ፋብሪካ ደርሰዋል። እኔ ይህን ዜና ስሰማ እንደ ሠርግ ጥሪ ነው ደስ የሚለኝ።

ባትሪው ላይ ደግሞ ለውጡን በዓይኔ አይቻለሁ። የእምዬ የመጀመሪያ ባትሪ የእርሳስ ነበር። ከአንድ ሱቅ "አምስት ዓመት ያገለግላል" ተብዬ ነው የገዛሁት። ሁለት ክረምት እንኳ አልደፈነም። በየማታው ባዶ እስኪሆን ስለሚሠራ ሞተ። እሷም ወደ ኩራዟ ተመለሰች። ጭሱ ዓይኗን ሲያስለቅሳት ማየት አንጀቴን በላው። አሁን ያለው ሊቲየም ነው፣ ግን በብዙ የሊቲየም ባትሪዎች ውስጥ የሚገባው ኮባልት የሚባል ማዕድን የለበትም፤ በኮባልቱ ቦታ ብረትና ፎስፌት ነው የገባው። ይህ ዓይነቱ ባትሪ በሳይንቲስቱ በጆን ጉድኢናፍ ቤተ ሙከራ ቴክሳስ ውስጥ ተሠርቶ በ1997 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ ነው። ሰውየው በኋላ በ97 ዓመታቸው ኖቤል ተሸልመዋል። ኮባልት ከግማሽ በላዩ የሚወጣው ከኮንጎ ነው፤ እዚያ በእጃቸው የሚቆፍሩ ሰዎች አሉ፣ ሕፃናትም ጭምር። ለእምዬ መብራት ሲባል የሌላ አገር ልጅ ጉድጓድ ውስጥ እንዲገባ አልፈልግም። ብረት ግን የትም አለ። የዳንግላና የቡሬ አፈር የቀላው በምን ሆነና? በብረት ዝገት እኮ ነው።

የብረቱ ባትሪ በክብደት ይበልጣል። ለመኪና ይህ ጉዳት ነው። ግድግዳ ስር ለሚቀመጥ ባትሪ ግን ምን ቸገረው?

ነዳጅ የሚሆነውን ሃይድሮጅን ከውኃ ለማውጣትም ኢሪዲየም የተባለ ብርቅ ማዕድን የሚፈልጉ ማሽኖች አሉ። ኢሪዲየም በዓመት አሥር ቶን እንኳ አይወጣም። በኒኬል የሚሠራው የቀድሞው ዘዴ ስላለ ወደዚያ የሚያዘነብሉም አሉ።

እኔን ከሁሉም ያስደነቀኝ ግን ጨው ነው። የቻይናው ባትሪ አምራች ካትል በ2021 እ.ኤ.አ. የሶዲየም ባትሪ አስተዋውቋል። ሶዲየም ማለት የወጣችን ጨው ግማሽ አካል ነው። እኛ ዘንድ እኮ ጨው ገንዘብ ነበር! እዚሁ ጎጃም የባሶ ገበያ በገነነበት ዘመን ነጋዴው በአንድ በኩል ማርትሬዛ፣ በሌላ በኩል አሞሌ ይዞ ይገበያይ ነበር። ትልቁን በብር፣ ዝርዝሩን በአሞሌ። ድሃው እጅ የሚገባው አሞሌው ነበር።

ወደ እምዬ ልመለስና ላብቃ። ከአጥሯ ማዶ ያለችው ጎረቤቷ አሁንም በኩራዝ ነው የምታመሸው። እምዬ ማርትሬዛዋን መዳፏ ላይ እያገላበጠች ብዙ ዝም አለች። ከዚያ "ልጄ፣ ይቺ ብትቀልጥ ለስንት ቤት ትሆናለች?" አለችኝ። የእሷን ለሚያህል ትንሽ ፓነል ከሆነ ከአሥር ቤት በላይ ያዳርሳል፤ ነገርኳት። ወደ ጎረቤቷ ቤት አየች። "ይዘሃት ሂድ ታዲያ" አለች።

"የለም እምዬ፣ አንቺ ያዣት፤ በመዳብም ይሠራል" አልኳት። ደግማ ጠየቀችኝ፣ ደግሜ መለስኩላት። ከዚያ መልሳ ቋጠረቻት።