ዘይቱ ዝም ሲል

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? እኔ እዚሁ ሐዋሳ ነኝ፤ እቤቴ፣ ማድ ቤት ውስጥ። ዛሬ ረቡዕ ነው። መስኮቱን ከፍቼዋለሁ። የባጃጅ ድምፅ ከገባባችሁ ታገሱኝ፤ ሙቀቱ አላስዘጋ ብሎኝ ነው።

ዛሬ እንግዳ የለም። ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ስለ ደበርጃን ነው። ኤግፕላንት የምትሉትም አላችሁ፤ ያው ነው። ያ ሐምራዊ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ገበያ ላይ ከቲማቲሙና ከቃሪያው አጠገብ ተቀምጦ ብዙ ሰው አልፎት የሚሄደው አትክልት። እሱን ኩርሽም እስኪል ጠብሼ፣ በነጭ የሰሊጥ ማጥቀሻ እንዴት እንደማቀርበው እነግራችኋለሁ። ግን መጀመሪያ ለምን እንደጀመርኩት ላውራችሁ። ነገሩ የሚጀምረው ከዓሣ ነው።

አባቴ ካረፈ አራት ዓመት ሆነው። እሱ እያለ እኛ ቤት እሁድ ማለት ዓሣ ነበር። በጠዋት አሞራ ገደል ይወርዳል። የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ጀልባዎቹ ከሐይቁ ይመለሳሉ፣ ዓሣው እዚያው ይገፈፋል፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ትከሻቸውን ሰብሰብ አድርገው ትራፊ ይጠብቃሉ። ጠባሾቹም እዚያው ናቸው። ትልልቅ ብረት ድስት፣ የሚንጫጫ ዘይት፣ ጎንና ጎኑ የተተለተለ ሙሉ ቆሮሶ። አባቴ ሁለት ሦስቱን በወረቀት አስጠቅልሎ፣ ዳጣውን በትንሽ ፌስታል አሳስሮ ይመጣል። እናቴ የምትወደው ጅራቱን ነው። ጅራቱና ክንፉ ደርቆ ስለሚመጣ ኩርሽም ስታደርገው ከሌላ ክፍል ይሰማል።

ጦም ሲገባ ግን ነገሩ ይለያል። አባቴ ዓሣ በጦም ይበላል ባይ ነበር። እናቴ አትበላም። በዚህ አንድም ቀን ሲጨቃጨቁ ሰምቼ አላውቅም። እሱ በጦም ዓሣ ካማረው ሐይቁ ዳር በልቶ ይመጣል እንጂ እቤት አያስገባም። እሷም ሽታው ልብሱ ላይ እያለ ምንም አትለውም። እጁን ታስታጥበዋለች፣ በቃ። ልጅ ሆኜ ይሄን እንደ ተራ ነገር ነበር የማየው። አሁን ሳስበው እንደዚያ ዓይነት መከባበር ብዙ ቦታ አላየሁም።

እሱ ካረፈ በኋላ በመጣው ዐቢይ ጦም፣ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከእናቴ ጋር ከገብርኤል ወደ ቤት እየተመለስን ነው። ከሐይቁ በኩል ነፋስ መጣ። የዓሣ ጥብስ ሽታ ይዞ። እናቴ ቆም አለች።

"ምነው እማዬ?" አልኳት።

"ኧረ ምንም።" ትንሽ ሄድን። "ዓሣው አይደለም ልጄ" አለችኝ። "ያ ኩርሽም የሚለው ናፈቀኝ።"

አስቡት፣ 55 ቀን ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ የሱፍ ፍትፍት። ሁሉንም እወዳቸዋለሁ። ግን ሁሉም ለስላሳ ናቸው። ከቆሎና አልፎ አልፎ ከሳምቡሳ በቀር ጥርስ ላይ ድምፅ የሚሰጥ የለም። የጦም ምግብ ሲባል አንድ ነገር የጎደለው ምግብ አድርጎ የሚያይ ሰው አለ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። የጦመ ሰው የሚበላውን ቀነሰ እንጂ ምላሱን አልጣለም። እንዲያውም ምርጫው ሲጠብ ነው አሠራሩ ላይ መጠበብ ያለብን።

ደበርጃኑን ገዝቼ ስገባ እናቴ አገላብጣ አየችው። "እምቧይ ነው እንዴ ያመጣህልኝ?" አለች። ፊቷ ተለዋውጧል።

አልተሳሳተችም። ደበርጃንና እምቧይ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ቲማቲም፣ ድንችና ቃሪያም እዚያው ቤተሰብ ውስጥ አሉ፤ እምቧይ ግን ለደበርጃን ቅርብ ዘመዱ ነው። አበባቸውን ጎን ለጎን ብታዩት በጣም ይመሳሰላል። እምቧይ መርዛማ ነው፣ አይበላም። ደበርጃንን ግን እስያ ውስጥ፣ እነ ሕንድ ጋ፣ ሰው ከጥንት ጀምሮ እያለማ ለምግብ አበቃው። ከዚያ ዐረቦች ወደ ምዕራብ ይዘውት ተጓዙ። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ እነሱ ባዚንጃን ይሉታል።

ይሄን ሁሉ ለእናቴ አስረዳሁ። "እሺ፣ ሥራውና እንየዋ" አለች።

የመጀመሪያው አልሆነም። ቆራርጬ በቀጥታ ዘይት ውስጥ ጨመርኩት። ዘይቱ አለቀ። ስጨምርበት እሱም አለቀ። ዛሬ ደግሞ ዘይት እንደዚያ የሚፈስ ነገር እንዳልሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የወጣው ቡናማ፣ ልፍስፍስ ያለ፣ ሲጫኑት ዘይት የሚተፋ ነገር ነው። እናቴ አንዱን በላች። ሁለተኛውን በእንጀራ ጠቅልላ ዘይቱን ልታስመጥጠው ሞከረች። እኔን እንዳይከፋኝ ብላ ነው። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግስቱ አሞራ ገደል ወረድኩ። አባቴ ዓሣ የሚገዛት ሴትዮ ጋ። አየችኝ፣ ስለ አባቴ ትንሽ አወራን። ከዚያ ችግሬን ነገርኳት። ደበርጃን ስላት አላወቀችውም። ዘይት ጠጣብኝ ስላት ግን ወዲያው ገባት።

"ዘይቱ ሲጮህ አይጠጣም ልጄ" አለችኝ። "ሲያኮርፍ ነው የሚጠጣው።"

"ካኮረፈ ምን ላድርግ እትዬ?"

"እንዳያኮርፍ አድርግ። በደንብ ይጋል። ብዙ አትከምርበት። ጩኸቱን ስማ። ዝም ማለት ሲጀምር አውጣ፤ ከዚያ በኋላ አታቆየው።"

ይሄ በቃ ሙሉ ትምህርት ነው። ቤት ገብቼ አሰብኩበት። ጩኸቱ ምንድን ነው? ውሃ ነው። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ 94 አካባቢ ይፈላል። ጥሩ የጋለ ዘይት ደግሞ 180 ገደማ ነው። ቁራጩ እዚያ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው ውሃ እንፋሎት ሆኖ እየገፋ ይወጣል። የሚንጫጫው እሱ ነው። እንፋሎቱ ወደ ውጭ እየገፋ እያለ ዘይቱ ወደ ውስጥ መግባት ይከብደዋል። ዘይቱ ካልጋለ፣ ወይም ብዙ ቁራጭ አንዴ ገብቶ ካቀዘቀዘው፣ ግፊቱ ይደክማል። ያኔ ዘይቱ ይገባል። ካወጣችሁት በኋላም ሲቀዘቅዝ ላዩ ላይ የቀረውን ዘይት ወደ ውስጥ ይስባል። ስለዚህ ወዲያው ማንጠፍጠፍ ነው።

ደበርጃን ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ሥጋው እንደ ስፖንጅ ነው፤ አየር የሞላበት። መፍትሔው ጨው ነው። አንድ ጣት በማይሞላ ውፍረት፣ ወደ 1 ሳንቲ ሜትር፣ ክብ ክብ አድርጌ እቆርጠዋለሁ። ሁለት መካከለኛ ደበርጃን ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው በትኜ ወንፊት ላይ ለግማሽ ሰዓት እተወዋለሁ። ውሃ ያወጣል። ሥጋው እጥፍ እጥፍ ይላል፣ አየር የያዘው ቦታ ይጨፈለቃል። ከዚያ ለቅለቅ አድርጎ በንጹሕ ጨርቅ ጫን ጫን እያደረጉ ማድረቅ። ይሄን ማድረቅ አትዝለሉት። እኔ አንድ ቀን ቸኩዬ ዘልዬው ሊጡ ከላዩ እየተንሸራተተ ዘይት ውስጥ ቀርቷል።

ስትገዙም ቀለል ያለውን፣ ቆዳው የሚያብረቀርቀውን ምረጡ። በአውራ ጣት ስትጫኑት መለስ ካለ ደኅና ነው። ያረጀው ፍሬው ጠቁሮ ይመራል።

ሊጡ የጦም ስለሆነ እንቁላል የለውም። አንድ ኩባያ የፉርኖ ዱቄት፣ ግማሽ ኩባያ የበቆሎ ስታርች፣ ትንሽ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ። የማቀጥነው በቀዝቃዛ አምቦ ውሃ ነው፤ አንድ ኩባያ ገደማ ይበቃዋል። አምቦ የሆነው ለጋዙ ነው፤ ዘይት ሲነካው ጋዙ ይነፋና ቅርፊቱን ቀለል ያለ፣ የሚሰበር ያደርገዋል። ብዙ አታማስሉት። ዱቄቱ ከተሳበ ቅርፊቱ ይጠጥራል። ትንሽ ጓል ቢቀር ግድ የለም። ቁራጩን መጀመሪያ ደረቅ ዱቄት ታስነኩታላችሁ፣ ከዚያ ሊጥ፣ ከዚያ ዘይት። በአንድ ጊዜ አራት ወይ አምስት፣ አይበልጥም።

እስቲ ባለፈው ረቡዕ የቀዳሁትን ላሰማችሁ።

[የዘይት ድምፅ]

ሰማችሁት? መጀመሪያ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ይመስላል። ከዚያ እየሳሳ ይሄዳል። አሁን... እዚህ ጋ። ካፊያ ሆነ። እዚህ ጋ ነው የማወጣው። ሰዓት አላይም። ቀለሙንም አይቼ ነው፣ ግን ጆሮዬ ይቀድማል።

ስታወጡት ወንፊት ላይ ነጠል ነጠል አድርጋችሁ አስቀምጡት። አንዱን በአንዱ ላይ አትደርድሩ። እንፋሎቱ ከታች ያለውን ያለሰልሰዋል፤ የእምቧይ ካብ ነው የሚሆነው።

አሁን ማጥቀሻው። አንድ ኩባያ የታጠበ፣ የደረቀ ሰሊጥ በለስላሳ እሳት አመስ ማድረግ። ሽታው ሲመጣ ይበቃዋል፣ እንዳይቀላ። ሲበርድ በጁስ መፍጫ ከሦስት ማንኪያ ዘይት ጋር እስኪላም መፍጨት። ይሄ ዐረቦቹ ጠሒና የሚሉት ነው። የሚገርመኝ፣ መካከለኛው ምሥራቅ ያሉ ጠሒና ሠሪዎች የኛን የሁመራ ሰሊጥ ፈልገው ይገዛሉ፤ እኛ ግን እቤታችን ብዙም አንሠራውም። ከዚያ የአንድ ሎሚ ጭማቂ፣ ሁለት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨው። ሎሚው ሲገባ ድርቅ ይላል። አትደንግጡ። ቀዝቃዛ ውሃ በማንኪያ በማንኪያ እየጨመራችሁ ምቱት። ድንገት ይለቀቅና ይነጣል። እንደ ወፍራም እርጎ ይሆናል።

እናቴ ይሄን ስሠራ ከኋላዬ ቆማ ታይ ነበር። ሲነጣ ስታይ፣ "ይሄማ ሱፍ ነው!" አለች። ፊቷ በራ። ዕድሜዋን ሙሉ ሱፍ ስትወቅጥ፣ ስታጠልል፣ ወተት ስታስመስለው የኖረች ሴት ናት። ማንኪያውን ተቀበለችኝ። ቀመሰች። ጓሮ ወጥታ አንድ ዘለላ ጤና አዳም ይዛ መጣችና ጣል አደረገችበት። እኔ አስቤው አላውቅም። አሁን ያለ ጤና አዳም አልሠራውም።

በፍስክ እርጎ በጨርቅ አጥልላችሁ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጨው ጨምራችሁ መብላት ትችላላችሁ። ጥሩ ነው። እኔ ግን ሰሊጡን እመርጣለሁ።

ያን ቀን ማዕዱ ላይ ሰሊጡን በአንድ ሳህን፣ ዳጣውን በሌላ አቀረብኩ። እናቴ ባረከች። አንዱን አነሳች፣ ሰሊጡን አስነካችው፣ ጎረሰች።

ተሰማኝ። እኔ ከማዶ ተቀምጬ ድምፁ ተሰማኝ።

ምንም አላለችም። ሁለተኛውን በዳጣ በላች። ሦስተኛ ላይ ሳህኑን በዓይኗ ፈለግ አደረገችና፣ "ያን የጫፉን ስጠኝ፣ የቀጠነውን" አለችኝ። የደበርጃኑ ጫፍ ነው። ትንሽ ስለሆነ ከሁሉም ይልቅ ደርቋል። ሰጠኋት። ያቺ የዓሣ ጅራት ስትበላ የማውቃት እናቴ ሆና ተቀመጠች።

ከዚያ ወዲህ ስቆርጥ ጫፍ ጫፉን ሆን ብዬ አሳሳዋለሁ። ለብቻው እጠብሰዋለሁ፣ መጨረሻ ላይ፣ ትኩስ እንዲደርስላት።

አሁን 9 ሰዓት ሊሆን ነው። ከቤተ ክርስቲያን የምትመለስበት ሰዓት ነው። ደበርጃኑ ወንፊት ላይ ውሃውን ጨርሷል... ቆይ፣ በሩ ነው። መጣች። ዘይቱን ልጣደው። ሳምንት እንገናኝ።