ልጆቹን ከክፍል አውጧቸው

ጤና ይስጥልኝ መምህራን! ረጅም ንግግር እንደማትወዱ ስለማውቅ ቶሎ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ልጆቻችን የብዝኃ ሕይወትን ትርጉም ሸምድደውታል፣ ፈተና ላይም አሳምረው ይጽፉታል። ግን ተራራ ሥር ያደገውን ልጅ «እዚህ ስንት ዓይነት ሣር አለ?» ብትሉት ግራ ይገባዋል። አልፈርድበትም፤ ጎንበስ ብለህ እይ ያለው የለማ!

ተራራ ደግሞ ለማስተማር የተመቸ ነው። 1,000 ሜትር ወደ ላይ ስትወጡ ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀንሳል። ሜዳ ላይ ይህን ለውጥ ለማየት ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር መጓዝ ያስፈልጋል። ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልትም እ.ኤ.አ. በ1802 ኢኳዶር ያለውን የቺምቦራዞን ተራራ ሲወጣ ያስተዋለው ይህንኑ ነው፤ ከፍታው በጨመረ ቁጥር ዕፅዋቱ ይለዋወጣሉ።

እናንተ የሚያስፈልጋችሁ አራት ሜትር ገመድ ነው። መሬት ላይ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር አድርጋችሁ ዘርጉትና ልጆቹ ውስጡ ያለውን የዕፅዋት ዓይነት ይቁጠሩ። ስሙን ካላወቁ ችግር የለም፣ «ጸጉራሙ»፣ «እሾሃሙ» ይበሉት። ከዚያ ፀሐይ ከሚመታው ወገን ወደ ጥላማው ውሰዱትና እንደገና ይቁጠሩ፤ ልዩነቱን እናንተ ሳትነግሯቸው ራሳቸው ይነግሯችኋል። ድንጋይ የገለበጠ ልጅ ቀስ አድርጎ እንደነበረ ይመልስ፣ ሥሩ የሚኖሩ ነፍሳት አሉና። አበባ መቅጠፍ የለም። በዚህ ላይ ኮስተር በሉ፤ ብርድ ያለበት ከፍታ ላይ ዕፅዋት የሚያድጉት በጣም ቀስ ብለው ስለሆነ፣ በእግር የተረገጠው ቦታ ለማገገም ዓመታት ሊፈጅ ይችላል።

«እነዚህ ዕፅዋትና እንስሳት ቢጠፉስ ምን ይጎዳል?» የሚል ልጅ መቼም አይጠፋም። አትቆጡት፣ ስለ ፒካ ንገሩት። የጥንቸል ዘመድ ናት፣ እፍኝ የምትሞላ። በሰሜን አሜሪካ ተራሮች ላይ የምትኖረው በረዶው ሳይመጣ ሣር እየሰበሰበች፣ እያደረቀች ታከማቻለች። ሙቀት ግን አትችልም። አየሩ ሲሞቅባት ወደ ላይ ትሸሻለች፣ ጫፉ ላይ ከደረሰች በኋላስ? መልሱን ለልጁ ተዉለት።

አንድ ነገር አደራ፦ ልጁን በወላጆቹ ላይ ፖሊስ አታድርጉት። ቤተሰቡ ከብት የሚያሰማራው፣ እንጨት የሚለቅመው ኑሮ ሆኖበት ነው። ይልቅ የት ሣሩ እንደሳሳ አባቱን ይጠይቅ፤ እረኛ ከመጽሐፍ የማይገኝ ብዙ ነገር ያውቃል።

ዲሴምበር 11 ዓለም አቀፍ የተራሮች ቀን ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ይከበራል። ለባነር የሚወጣውን ገንዘብ ለገመድና ለቴርሞሜትር አድርጉት። እኔም ገመድ ይዤ መጥቻለሁ፤ ከሻይ በኋላ ውጭ ወጥተን እንሞክረዋለን።