19 አልኩ

እሺ... እየቀዳ ነው? እየቀዳ ነው። ሰላም ሰላም። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ባለቤቴ ካንጋሮም የለም፤ ልጃችንን ሚጡን ይዞ እማዬ ጋ ሄዷል። እኔና የጎረቤት ጄኔሬተር ብቻ ነን። «ለጄኔሬተሩ ሰላም በይልን» ብላችሁ የጻፋችሁ፣ ይኸው ራሱ እየመለሰ ነው።

ሐሙስ ታክሲ ውስጥ የሆነችውን ልንገራችሁ። ትንሽ ነገር ናት። ለካንጋሮ ስነግረው «እና?» አለኝ። እና ምንም። ግን እስካሁን አለቀቀችኝም።

ከመገናኛ ወደ ኮተቤ ነው፣ ከኋላ ወንበር። ሚጡ ጭኔ ላይ ዳቦዋን ይዛለች። አጠገቤ አንዲት ሴትዮ፣ እሷም ወንድ ልጅ አቅፋለች። ሚጡ ዳቦዋን ወደ ልጁ ዘረጋችና «እንካ» አለችው። እንካ! እኔ እናቷ «እንካ» ስትል ሰምቼ አላውቅም፤ ቤት ውስጥ «አምጪ» ብቻ ነው። ሴትዮዋ ሳቀችና «ስንት ወሯ ነው?» አለችኝ።

19 አልኩ።

22 ነው። እናንተ ታውቃላችሁ፣ እዚህ አብረን ነው የቆጠርነው።

መቀነሱንማ ሐኪሟም ትቀንሳለች። ልክ በ28 ሳምንት ነው የመጣችው፣ 12 ሳምንት ቀድማ። አረማመዷን፣ አነጋገሯን ሲያዩ ያንን ቀንሰው ነው የሚያዩት። ክትባት ላይ ግን አይቀነስም፣ ከተወለደችበት ቀን ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ እኛ ቤት አንዲት ልጅ ሁለት ዕድሜ አላት፤ ጳጉሜ ስትጨመርበት ደግሞ ካንጋሮ ስልኩን አውጥቶ ማስላት ይጀምራል። እሺ። ግን ታክሲው ውስጥ ሐኪም አልነበረም። ማንም ቀንሺ አላለኝም።

ከዚያ ሴትዮዋ ምን አለች፤ «ማሻ አላህ! ለ19 ወር እንዴት ጎበዝ ናት!» እኔስ? ደስ አለኝ። «አዎ፣ ፈጣን ናት» አልኩ። ፈጣን! ሰው ሲቸኩል «የሰባት ወር ልጅ ነህ እንዴ?» ይባል የለ? ዋናዋን የሰባት ወር ልጅ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ነው እንግዲህ።

ምናልባት ያ የጎረቤት ቡና ይሆናል። ባለፈው 22 ብዬ እውነቱን ስናገር «ታዲያ ለምን አታወራም?» ተባልኩ። ሲኒዬን አስቀምጬ ወጣሁ። ሦስተኛውንም አልጠጣሁ። እና ሐሙስ... አፌ ቀደመኝ። ወይም አልቀደመኝም፣ አላውቅም።

ግን የቀነስኩት የትኞቹን ወራት ነው? እነዚያን እኮ ነው። 61 ቀን ማሞቂያ ክፍል። 1 ኪሎ ከ50 ግራም፤ እማዬ «ሥጋ ቤት ነው እንዴ ግራም የምትቆጥሩት?» ያለችው። ወተቱ በአፍንጫዋ በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ ሲል። ትንፋሽ ትረሳ ነበር። ዝም ትላለች፣ ማሽኑ ይጮኻል፣ ነርሷ መጥታ የእግሯን መዳፍ በጣቷ ጠቅ ታደርጋታለች፣ ትተነፍሳለች። በቃ፣ ያቺ ጣት። በኋላ ለእኔም አስተማረችኝ።

ካንጋሮ ስሙን ያገኘው እዚያ ነው። ሸሚዙን ከፍቶ ደረቱ ላይ ሲያስተኛት ማሽኑ ጸጥ ይል ነበር። «የካንጋሮ እንክብካቤ» ይሉታል፤ የተጀመረው ኮሎምቢያ ነው፣ ቦጎታ፣ በ1978 እንደ ፈረንጆቹ። ሬይ እና ማርቲኔዝ የሚባሉ ሐኪሞች ማሞቂያ ቢያጥራቸው ሕፃናቱን እናቶቻቸው ደረት ላይ አደረጓቸው። ኮሎምቢያ ደግሞ የቡና አገር ናት፣ ግን ስለ ቡናቸው ዛሬ አልናገርም፣ ባለፈው ተጣልተናል።

ክርስትናዋ ትዝ ይላችኋል? ሴት ስለሆነች በ80 ቀኗ ተነሳች። ሆዴ ውስጥ ብትቆይ ኖሮ የመወለጃዋ ቀን ገና ከ4 ቀን በኋላ ነበር። እማዬ «ሳትወለድ ክርስትና የተነሳች» እያለች አሁንም ትስቅባታለች። ቄሱ ግን አልቀነሱም። 80 ሲሉ 80 ነው።

እና እኔ ዳቦ የያዘች ልጄን... አይ፣ ማጋነን ነው። ታክሲ ውስጥ የማላውቃት ሴትዮ ናት።

ሁለት ዓመት ሲሞላት መቀነስ ይቆማል ብላናለች ሐኪሟ። ሁለት ወር ቀረ። ካንጋሮ ደስ ብሎታል፣ ሒሳብ ሊቀርለት ነው። እኔም ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ከዚያ በኋላ «ለምን አታወራም» ሲሉኝ ምን እላለሁ?

የልጁን ዕድሜ ሳልጠይቃት እኮ ወረድኩ። እሷም ምናልባት... ተዉት።

ማታ አሁንም እግሯን እነካለሁ። 22 ወሯ ነው፣ ታንኮራፋለች፣ መተንፈሷ ከሳሎን ይሰማል። ግን እነካለሁ። ትናንት «ተይ» ብላኝ ዞራ ተኛች። ጥርት አድርጋ፣ «ተይ»። እኔ ግን እዚያው... ጄኔሬተሩ ቆመ እንዴ? መብራት መጣ መሰለኝ። እ... ምን እያልኩ ነበር።