ያንን ምዕራፍ አትዝለሉት

የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ጤና ይስጥልኝ።

የክረምት ስልጠናውን ስዘጋ ስለ ማስተማር ዘዴ እንድናገር ነበር የተጠየቅሁት። እኔ ግን የመጣሁት ስለ አንድ ምዕራፍ ልናገር ነው። የቱ እንደሆነ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ግንቦት ገብቶ ፈተና ሲደርስ የምንዘለው፣ ስለ ባሕር የሚያወራው።

ሥራ በጀመርኩበት ትምህርት ቤት አለቃዬ "ባሕር ለሌለው አገር ምን ያደርጋል? እለፈው" አሉኝ። ወጣት ነበርኩ፤ አለፍኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ አለፍኩት።

በሦስተኛው ዓመት፣ አፋር ካለችው በራህሌ መጥቶ አጎቱ ዘንድ የሚማር ልጅ ነበረኝ። አንድ ቀን ከክፍል ስወጣ ተከተለኝና ከኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለ ድንጋይ አወጣ። "ቲቸር፣ ይሄ ምንድነው?" አለኝ። ጡጫ ያህላል። ነጣ ያለ ነው። ላዩ ላይ እንደ ማር እንጀራ የተደረደሩ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉት። ጠጋ ብዬ ሳየው፣ በየቀዳዳው ውስጥ እንደ ጃንጥላ ሽቦ ከመሃል የሚዘረጉ ስስ መስመሮች አየሁ። አባቱ ለጨው ከግመሎቻቸው ጋር ሲወርዱ ያነሱት ነው።

ኮራል ነበር። የባሕር እንስሳ የሠራው ቤት!

"ከባሕር የመጣ ነው" አልኩት። "ቲቸር፣ እኛ አገር እኮ ባሕር የለም" አለኝ። ማን ነገረው? እኔ ነኝ የነገርኩት። ምዕራፉን ስዘል ነው የነገርኩት።

ቀይ ባሕር በአንድ ዘመን የልጁ አባት ለጨው እስከሚወርዱበት እስከ ዳናኪል ድረስ ይገባ ነበር። መግቢያው ሲዘጋ ውሃው ተነነ፣ ጨው ቀረ። ዛሬ ያ መሬት ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ተኝቷል። አያቶቻችን እንደ ገንዘብ የተገበያዩበት አሞሌ የባሕር ልጅ ነው። የሌለን ወደብ ነው። ወደብ የመንግሥታት ጉዳይ ነው፤ የባሕር ትምህርት ግን የማንኛውም ልጅ ነው!

ሳያዩ የለም ማለት ደግሞ ትልልቆቹንም አሳስቷል። በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኤድዋርድ ፎርብስ የተባለ ብሪታኒያዊ ሊቅ በግሪክና በቱርክ መካከል ያለውን ኤጂያን ባሕር ፈትሾ፣ ከ550 ሜትር ገደማ በታች ሕይወት የለም ብሎ ገመተ። በ1872 ቻሌንጀር የምትባል መርከብ ከእንግሊዝ ተነሳች። ሦስት ዓመት ተኩል ዞረች። 362 ቦታ ላይ እየቆመች ገመድ ጣለች፣ መረብ ጎተተች። ከፎርብስ ድንበር በጣም በታች እንኳ መረቡ ሕይወት ይዞ ይወጣ ነበር። ከ4,000 በላይ አዳዲስ ዝርያዎች ተመዘገቡ። ፓስፊክ ውቅያኖስ ውስጥ፣ ማሪያና ደሴቶች አካባቢ ደግሞ ገመዱ ከ8,000 ሜትር በላይ ወረደ። አስቡት፣ በገመድ!

ያመጣቻቸውን 77 የውሃ ናሙናዎች ዊልያም ዲትማር የተባለ ኬሚስት መረመራቸው። ጨውነቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል። የዋና ዋናዎቹ ጨዎች ድርሻ እርስ በርስ ሲነጻጸር ግን የትም ያው ሆኖ አገኘው።

በአማካይ አንድ ኪሎ የባሕር ውሃ 35 ግራም ጨው አለው። ቀይ ባሕር 40 ገደማ ይደርሳል፤ ፀሐዩ ያተነዋል፣ የሚገባበት ወንዝ ደግሞ የለም ማለት ይቻላል።

ላቦራቶሪ የለንም እንደምትሉ አውቃለሁ። አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው ጨምሩ። ከዚያ በማንኪያ ጀርባ ላይ ቀስ እያላችሁ በቀይ ሥር የቀላ ንጹሕ ውሃ አፍስሱበት። ቀዩ ላይ ይቀራል፣ ጨዋማው ከታች ይተኛል። እዚያ ጥግ ባለው ጠረጴዛ ላይ ብርጭቆም ጨውም አስቀምጫለሁ። የልጁም ድንጋይ እዚያው ነው፤ ሲመረቅ ትቶልኝ ሄደ። ቡና ከመጠጣታችሁ በፊት በእጃችሁ ያዙት።