ከካሸሩ ወዲህ፣ ከካሸሩ ወዲያ

እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። እሑድ ከሰዓት ለብዙዎቻችን የሳምንቱ ብቸኛ የዕረፍት ሰዓት ነው። እሱን ትታችሁ ስለመጣችሁ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድባችሁም።

አዘጋጆቹ ስለ ትልልቅ መደብሮች ተናገር ብለውኛል። ለምን እኔን እንደመረጡ ይገባኛል፤ ዓመታት ካሸር ሆኜ ሠርቻለሁ። የሠራሁበትን ቤት ስም አልጠራም። ዛሬ የመጣሁት አንድ ድርጅት ለማማት አይደለም። እዚህ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግና ዋሽንግተን ዲሲ ላለን ሰዎች ደግሞ ነገሩ የሩቅ ወሬ አይደለም። ከቤተሰቡ መካከል ካሸር የሚሠራ፣ ሌሊት መደርደሪያ የሚሞላ ወይም መጋዘን ውስጥ ካርቶን የሚያነሳ ሰው የሌለው እጁን ያውጣ ብል፣ ብዙ እጅ የሚወጣ አይመስለኝም።

እኛ ከካሸሩ በሁለቱም በኩል ነን። ቀን ዩኒፎርም ለብሰን እንሸጣለን፤ ማታ ያንኑ ዩኒፎርም ሳናወልቅ ጋሪ እየገፋን እንገዛለን። ስለዚህ አንዱ ስለ ሠራተኛ በደል፣ ሌላው ስለ ደንበኛ በደል ለየብቻ ሲያወራ አይዋጥልኝም። እኔ ባየሁት፣ ሠራተኛው ላይ የተቆረጠችው ሳንቲም ዞራ ዞራ ደንበኛው ላይ ታርፋለች።

ላልሠራችሁበት ልንገራችሁ። ካሸሩ ላይ የምንመታው የሙዝ ኮድ 4011 ነው። ሌላው ሁሉ ቢጠፋኝ ይህ ቁጥር አይጠፋኝም። መደብር ብትቀይሩም ሙዝ ያው 4011 ነው። ዕቃ ስታሳልፉ ኮምፒውተሩ በደቂቃ ስንት እንዳሳለፋችሁ ይቆጥራል። እኔ በሠራሁበት ቤት ይህ ቁጥር በየሳምንቱ ከስማችን ጎን ተጽፎ ከኋላ ክፍል ይለጠፍ ነበር። አንድ ሽማግሌ ሳንቲም ከኪሳቸው እየለቀሙ ሲቆጥሩ እኔ ቆሜ ከጠበቅሁ ቁጥሬ ወረደ ማለት ነው። እንዴት ነዎት፣ እግርዎ ተሻለዎት ወይ ካልኩ ጭራሽ ገደል ገባ። ማኔጀሩ ቀርፋፋ ነህ ይለኛል። ቸኩዬ ካስተናገድኩ ደግሞ ደንበኛው ሰው አይደለሁም እንዴ ይለኛል። ደንበኛው እውነቱን ነው። ግን ፊቴን ያጠቆረው ያ ከኋላ የተለጠፈው ወረቀት ነው። ያንን ወረቀት እሱ አያየውም።

አሁን አሁን ካሸሩ ራሱ እየጠፋ ነው። ደንበኛው ራሱ ዕቃውን አሳልፎ የሚከፍልበት ስድስት ማሽን ይተከላል፣ አንድ ልጅ ይመደብለታል። በቅርቡ አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት ማሽኑ ፊት ቆመው አየሁ። ቲማቲማቸውን እንደምንም አሳለፉ። ከዚያ የእጅ ቦርሳቸውን ዕቃው የሚቀመጥበት ላይ ጣል አደረጉት። ማሽኑ በእንግሊዝኛ ለፈለፈ፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም አለ። እናትየው ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ። "ኧረ እኔ ምንም አልነካሁም!" አሉ በአማርኛ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። ሰው ሁሉ ዞረ። ልጁ እየሮጠ መጣ፣ ካርዱን አስነክቶ ዝም አሰኘው፣ ወደ ሌላ ማሽን ሮጠ። ልጁን አልወቅሰውም። የስድስት ሰው ሥራ ነው የያዘው። ግን እኚህ እናት ያለ ደመወዝ ካሸር ሆነው ሠርተው፣ ሲያበቁ እንደ ሌባ ደንግጠው ወጡ። ዕቃው በዚህ ምክንያት አንድ ሳንቲም የቀነሰላቸው ከሆነ ሪሲቱ ላይ አላየሁም።

ስለ ቁልፉም ላንሳ። የልብስ ሳሙናና የጥርስ ሳሙና ከመስታወት ጀርባ ሲቆለፍ ሁላችሁም አይታችኋል። ደወሉን ትጫናላችሁ፣ ትጠብቃላችሁ፣ ቁልፍ የያዘችው ልጅ ከሌላ ጫፍ እስክትመጣ። ስርቆቱ እውነት ነው፤ የለም ብዬ አልዋሽም። ግን መጀመሪያ መደብሩ ውስጥ የሚዞረውን ሠራተኛ ትቀንሳለህ። ሰው የሌለበት ቦታ ለሌባ ይመቻል። ከዚያ ትቆልፋለህ። ከቆለፍክ በኋላ የሚከፍት ሰው የለህም። ደንበኛው ይሰለቸውና ሳሙናውን በስልኩ ያዛል። በመጨረሻ ሽያጭ ቀነሰ ተብሎ ቤቱ ይዘጋል። ያኔ የሚወቀሰው የሰፈሩ ሰው ነው።

ቤት ስለ መዝጋት ካነሳሁ አይቀር፣ የዲሲን ታሪክ ዘርዘር ላድርገው። ብዙዎቻችሁ ያኔ እዚሁ ነበራችሁ፤ ግን ታክሲና ፓርኪንግ ላይ ስንሯሯጥ አምልጦናል።

በፈረንጆቹ 2013 ዋልማርት ዲሲ ውስጥ 6 መደብር ሊከፍት ዕቅድ ይዞ ነበር። የከተማው ምክር ቤት አንድ ሕግ አረቀቀ። ከ75,000 ስኩዌር ፊት በላይ የሆነ መደብር፣ እናት ኩባንያው በዓመት 1 ቢሊዮን ዶላር ወይም ከዚያ በላይ የሚያስገባ ከሆነ፣ ለሠራተኛው በሰዓት ቢያንስ 12.50 ዶላር ይክፈል የሚል። የከተማው ዝቅተኛ ክፍያ ያኔ 8.25 ነበር። ዋልማርት ይህ ሕግ ከወጣ ሦስቱን መደብሮች እተዋለሁ አለ። ምክር ቤቱ ጁላይ ላይ 8 ለ5 አጸደቀው። ከንቲባ ቪንሰንት ግሬይ ሴፕቴምበር ላይ አልፈርምም ብለው መለሱት። ውሳኔያቸውን ለመሻር 9 ድምፅ ያስፈልግ ነበር፤ የተገኘው 7 ነው። ሕጉ በዚያው ሞተ።

ከንቲባው ሞኝ አልነበሩም። ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶ ያለው ሰው ትኩስ አትክልት ለመግዛት ሁለት አውቶቡስ ይቀይራል። ሥራ ደግሞ የለም። ያ ሕዝብ መደብሩ ይምጣልን ሲል በሆዱ እያሰበ ነው፤ በሱ አልፈርድም። ዲሴምበር 2013 የመጀመሪያዎቹ ሁለት መደብሮች ጆርጂያ አቬኑና ኤች ስትሪት ላይ ሲከፈቱ፣ ለ600 ያህል ሥራ ከ23,000 በላይ ማመልከቻ ገብቶ ነበር። እስቲ አስቡት። በሩ ላይ ይህን ያህል ሰው ተሰልፎ እያለ የደመወዝ ጥያቄ ማን ያነሳል?

ከዚያስ? ጃንዋሪ 2016 ኩባንያው ከወንዙ ማዶ ሊሠራቸው የነበሩትን ሁለት መደብሮች ሰረዘ። ሕጉ እንዳይወጣ መያዣ ተደርገው ከቀረቡት ሦስቱ መካከል እነዚህ ሁለቱ ነበሩ። ሕጉም የለ፣ መደብሩም የለ። የኤች ስትሪቱም ማርች 2023 ተዘጋ። ኩባንያ ነው፤ ካላዋጣው ይሄዳል። እኔን የሚያናድደኝ መሄዱ አይደለም። መደብሩ ሲመጣ ስጦታ ይመስል ተለማምጠን መቀበላችን ነው። ተለማመጥንም አልተለማመጥንም፣ ሲያሰኘው የሚወስነው በሂሳቡ ነው። እኛም በሂሳባችን መነጋገር ነበረብን።

ደግነቱ ነገሩ እዚያ አላበቃም። በዚያው በ2013 መጨረሻ ምክር ቤቱ የሁሉንም ሠራተኛ ዝቅተኛ ክፍያ ደረጃ በደረጃ ወደ 11.50 ለማድረስ ወሰነ። ጎረቤቶቹ ሞንጎመሪና ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲዎችም ወደዚያው ቁጥር አብረው ሄዱ። መንገድ ተሻግሮ ርካሽ ሠራተኛ መፈለግ እንዳይቻል ማለት ነው። ይሄ ብልጠት ነበር። የዲሲው ክፍያ ጁላይ 2025 ላይ 17.95 ደረሰ። ከተማው ኪራዩ ውድ ነው፤ በዚህ ገንዘብ ተንደላቅቄ ኖርኩ የሚል የለም። ግን ያኔ ለትልቆቹ እንኳ በዛ የተባለው 12.50 ነበር።

ርካሽ ዕቃና ጥሩ ደመወዝ አብረው አይሄዱም የሚለንም አለ። ለድግስ ዕቃ የምንጭንበትን ኮስትኮን እዩት። በ2025 ጀማሪ ሠራተኛ በሰዓት 20 ዶላር እንዲያገኝ አድርጓል፤ ከፍተኛው እርከን ላይ የደረሰው ደግሞ ከ30 ዶላር አልፏል። ሆት ዶጉ ከነመጠጡ ከ1985 ጀምሮ 1.50 ነው። ዕቃ ላይ የሚጨምረው ትርፍ ከ14 ወይም ከ15 ከመቶ እንዳያልፍ ራሱ ገደብ አበጅቶለታል። ሠራተኛው ቶሎ አይለቅም፤ የሚያውቅ ሠራተኛ ያለበት ቤት ደግሞ ያለ ብዙ ጭቅጭቅ ይሠራል። መልአክ ነው አላልኩም። ዋና ትርፉ የአባልነት ክፍያው ነው። መኪና የሌለውና ለአንድ ሳምንት ብቻ የሚገዛ ሰው እዚያ ምንም አይሠራም። ይቻላል ለማለት ያህል ነው ያነሳሁት።

ሕግ ራሱ ሰፈር ይለያል። ኔቫዳ ውስጥ በአማዞን መጋዘኖች በኤጀንሲ በኩል የሚሠሩ ሰዎች፣ ሥራ ጨርሰው ሲወጡ እንዳልሰረቁ ለመፈተሽ ይሰለፉ ነበር። እስከ 25 ደቂቃ እንቆማለን፣ ይከፈለን ብለው ከሰሱ። በ2014 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 9 ለ0 ሆኖ፣ በፌዴራል ሕግ አይከፈልም አለ። አንድም ዳኛ አልተለየም! ካሊፎርኒያ ውስጥ ግን የአፕል መደብር ሠራተኞች ስለ ቦርሳ ፍተሻ ተመሳሳይ ክስ አቅርበው፣ የክፍለ ሀገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2020 ይከፈላቸው አለ። ሰልፉ ያው ሰልፍ ነው። ልዩነቱ የክፍለ ሀገሩ ሕግ ነው። ስለዚህ የካውንቲና የክፍለ ሀገር ምርጫ ሲመጣ ምን አገባኝ አትበሉ።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን። በትልቁ ላይ ጣት መቀሰር ቀላል ነው። የኛው ምግብ ቤትና የኛው ሱቅ ውስጥ "ቤተሰብ አይደለንም እንዴ" እየተባለ ኦቨርታይሙ የተበላበት ሰው እዚህ ተቀምጧል። ማንን እንደምል ራሱ ያውቃል። ባለሱቁም ችግር አለበት፤ እሱ ዘይቱን የሚያመጣበት ዋጋ ትልቁ መደብር ከሚሸጥበት ሊበልጥ ይችላል። ያም ሆኖ ቤቱ ትንሽ ስለሆነ ብቻ ባለቤቱ ደግ ነው አይባልም። በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ከሠራህ አንድ ተኩል ይከፈልሃል፤ አለቃህ የአገር ልጅ መሆኑ ይህን አይቀይረውም።

ደንበኛ ስንሆንስ? "ደንበኛ ንጉሥ ነው" የሚለውን ጥቅስ አገር ቤት ግድግዳ ላይ እያነበብን ነው ያደግነው። አንዳንዶቻችን ቃል በቃል ወስደነዋል። ስልክ እያወራን ካርድ የምንወረውር አለን። የኩፖኑ ቀን አልፎ ካሸሯ ላይ የምንጮህ አለን። ዋጋውን የለጠፈችው እሷ አይደለችም። ቅሬታ ካለን ማኔጀሩ ይጠራ። ካሸር የቀነሰው እሱ ወይም የሱ አለቃ ነውና ይስማው። ረጅም ሰልፍ ላይ ቆማችሁ "ለምን ሁለት ካሸር ብቻ?" ብላችሁ ብትጽፉለት ለኛም ለነሱም ትጠቅማላችሁ።

ከመውረዴ በፊት ሥራ ላይ ስላላችሁ ጥቂት ነገር። ዲሲ ውስጥ ሥራ ግባ ተብላችሁ ሄዳችሁ፣ ዛሬ ደንበኛ የለም፣ ተመለሱ ብትባሉ፣ የተመደባችሁበት ሰዓት ከ4 ካላነሰ ቢያንስ የ4 ሰዓት ክፍያ አላችሁ። ሜሪላንድ ውስጥ 15 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ የሚከፈልበት የሕመም ፈቃድ መስጠት አለበት። በየ30 ሰዓቱ 1 ሰዓት እየተጠራቀመ በዓመት እስከ 40 ሰዓት ይደርሳል። ልጅ ሲታመምም ያገለግላል። በሳምንት 12 ሰዓት የማይሞላ ሰው ግን አይካተትም፤ ፓርት ታይም የሆናችሁ ሰዓታችሁን ቁጠሩ። ጃይንትና ሴፍዌይ የምትሠሩ አብዛኞቻችሁ በዚህ አካባቢ ሎካል 400 የተባለው የሠራተኞች ማኅበር አባል ናችሁ፤ መዋጮ ከደመወዛችሁ ይቆረጣል። ውሉን ግን አንብባችሁታል? ሰዓት በቅድሚያ ለማን እንደሚሰጥ የተጻፈው እዚያ ላይ ነው።

የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት በራሳችሁ ደብተር ጻፉ። የመደብሩ ኮምፒውተር ሲሳሳት ማስረጃችሁ እሱ ነው። ከኋላ ጠረጴዛው ላይ በአማርኛ የተዘጋጀ የሰዓት መመዝገቢያ አለ፤ አንድ አንድ ውሰዱ። ፔይ ስተባችሁን፣ ማለትም የደመወዝ ዝርዝር ወረቀታችሁን፣ ይዛችሁ የመጣችሁ ደግሞ ቡናው እስኪቀርብ እዚያው ቁጭ ብለን መስመር በመስመር እናየዋለን። አመሰግናለሁ።